ፉሉ ሳይቀዘቅዝ ስለ መዋደድ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን 2012 ዓ.ም.
ቦታ፦ ካርቱም፣ ዐማራት፣ የምግብ ቤታችን ጓዳ
የተገኙ፦ አቶ አብዱልወሃብ (ሙዲር ማለትም ሥራ አስኪያጅ፣ ሰብሳቢ)፣ እትዬ ሬሕማ (ወጥ ቤት)፣ ጀምበሬ (አስተናጋጅ)፣ ሉጥፊያ (ዕቃ አጣቢ)፣ ቢልልኝ (ገንዘብ ተቀባይ፣ ሳይጠየቅ የተሾመ ጸሐፊ)
ያልተገኘ፦ መብራት

ሰብሳቢው በሩን ስለቆለፉት ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የሠራተኛውን ፍቅርና የሥራ ተነሣሽነት ስለ ማሳደግ

ሰብሳቢው ባለፈው ወር ሥልጠና መውሰዳቸውን ለስንተኛ ጊዜ አስታውሰው፣ ሠራተኛው በየጠዋቱ እንዲተቃቀፍ ሐሳብ አቀረቡ። እትዬ ሬሕማ «አስተግፊሩላህ!» ስላሉ መተቃቀፉ በርቀት እንዲሆን ተሻሻለ።

ጀምበሬ፣ አገሩ በሙሉ «መደኒያ» ብሎ ጮሆ የሲቪል አስተዳደር ባመጣበት ዘመን ወጥ ቤቱ በአንድ ሰው መገዛቱ አሳፋሪ መሆኑን ጠቅሶ፣ ጭልፋው በሽግግር ምክር ቤት በዙር እንዲያዝ ጠየቀ። እትዬ ሬሕማ «የነካውን ወላሂ በራሱ በጭልፋው ነው የማቀምሰው» አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ ዙሩ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። አፈጻጸሙ ጭልፋውን ከእጃቸው የሚቀበል ደፋር እስኪገኝ ተራዝሟል።

አጀንዳ 2፦ እትዬ ሬሕማ ሊለቁ ስለመሆናቸው

እትዬ ሬሕማ እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ሰው ቤት ሥራ ማግኘታቸውንና ከቅዳሜ ጀምሮ እንደማይመጡ አሳወቁ። እሳቸው ከሌሉ ይህ ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ነው። ሰብሳቢው ደንግጠው የእትዬ ሬሕማ ፎቶ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ተብሎ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ቢለምኑ፣ «ምነው፣ ሞትኩ እንዴ?» የሚል ምላሽ ተሰጥቷል።

ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ከዚያ ሥልጠና ወዲህ በፈጡር፣ በረፋዱ ቁርስ ሰዓት፣ ፉሉን ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት ቀርቶ፣ «ለሥራ ቅልጥፍና» በየተራና በየሳህኑ እንዲሆን መታዘዙን አነሱ። «ብቻዬን ለመብላትማ ሰው ቤትም ብቻዬን እበላለሁ፤ እዚህ ምን አቆየኝ?» አሉ። ንግግሩ የጸሐፊውን አንጀት በልቷል፤ ይመዝገብ።

በዚህ መሐል የፈጡር ሰዓት ደረሰ። ሉጥፊያ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ፍቅር ስትሰበሰብ በመዋሏ አንድም የታጠበ ሳህን እንደሌለ ገልጻ፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ ፉሉን በትልቁ ትሪ አምጥታ መሐል አስቀመጠችው። ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው በግራ እጅ ስለሆነ አንባቢ ይቅርታ ያድርግልን።

ሰብሳቢው ለብቻቸው ቆመው ቀሩ። ጀምበሬ ጠጋ ብሎ «ያላ ሙዲር፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ያልቃል!» አለ። ተቀመጡ። ወዲያው እጃቸውን በጀምበሬ በኩል ሲሰዱ እትዬ ሬሕማ «አብዱሌ፣ ከፊትህ ብላ!» ብለው ገሠጿቸው። ሙዲሩ «አንተ» በመባላቸው ተቃውሞ አልቀረበም። እንዲያውም እስኪያስላቸው ሳቁ።

ውሳኔ፦ የርቀት መተቃቀፉ፣ የጭልፋው ዙርና የግል ሳህኑ ተሽረዋል። ሥልጠናውም እንዳልተወሰደ ይቆጠራል።

ስብሰባው ትሪው ሲጠረግ፣ ደንበኞች በሩን እየደበደቡ፣ አምስት ሰዓት ገደማ ተበተነ። እትዬ ሬሕማ ሲነሡ ጀምበሬን «የቅዳሜውን ባቄላ ነገ ማታ መዘፍዘፍ እንዳትረሳ፤ ባለፈው ጥርሴን ልታረግፈው ነበር» አሉት። ጉባኤው በዘይት እጁ አጨበጨበ።