ዝም ያለው የአሻራ ማሽን

ሊቁ፦ ንፋስ ኔትወርክ አያጠፋም አልኩህ እኮ!

ቀስታ፦ ሰሞኑን መስኮቱ ክፍት ነበር ብዬ ነው።

ሊቁ፦ የሚሄደው በኬብል ውስጥ ነው፤ ኬብል ደግሞ ብርድ አይመታውም!

[ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ቁም ሳጥን። በሩ አጠገብ፣ ጣት ሲያርፍበት በሩን የሚከፍትና መግቢያ መውጫ ሰዓት የሚይዝ ማሽን ተሰቅሏል። የያዘውን ፎቅ ላይ ላለችው ሥራ አስኪያጅ በኬብል መላክ ነበረበት፤ ከላከ ግን ወር አልፎታል። ሊቁ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ እሱ ግን ሙገሳ መስሎታል። ቀስታ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ነው፤ ሻይ ሲያማስል ማንኪያውን እንቅልፍ የሚወስደው ዓይነት።]

ሊቁ፦ እስከ ምሳ ካስተካከልኩት የክፍል ኃላፊ ታደርገኛለች። ቤቴ አራስ አለች ጋሼ! አንተ የንፋስ ወሬ ታወራልኛለህ።

ቀስታ፦ እኔ የምልህ፣ ይሄ ነገር ትንሽ ቢቆይ…

ሊቁ፦ አንተ አታውቅም! ዝም ብለህ እይ። [ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ] አሁን ፒንግ አደርገዋለሁ።

ቀስታ፦ ምን አደረገህና?

ሊቁ፦ «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ካለ «አለሁ» ይላል።

ቀስታ፦ ዝም ካለስ?

ሊቁ፦ የለም ማለት ነው።

ቀስታ፦ እኔም ሚስቴ ስትጠራኝ ዝም እላለሁ። ግን አለሁ።

ሊቁ፦ [ጥርሱን ነክሶ] ዝም አለ! ገባኝ፤ የአድራሻ ግጭት ነው። ሁለት ዕቃዎች አንድ አድራሻ ሲይዙ ይጋጫሉ።

ቀስታ፦ ባልና ሚስት ናቸዋ።

ሊቁ፦ ጋሼ!

[ማሽኑን አጠፋው፤ አበራው። አድራሻውን ቀየረው፤ መልሶ ቀየረው። ማሽኑ እንዳኮረፈ ዘመድ ፊቱን አልመልስ አለ።]

ቀስታ፦ ልጄ፣ እስቲ ስማኝ። እዚያ ውስጥ ያለው መዝገብ…

ሊቁ፦ ምን መዝገብ አለው? ወር ሙሉ ያልተገናኘ ማሽን ባዶ ሣጥን ነው! ይሄንንም አታውቅም?

ቀስታ፦ እንዲያ ካልክ እሺ።

[ሊቁ በንዴት ኬብሉን በእጁ እየዳሰሰ ተከተለው፤ ቁም ሳጥኑ ኋላ በደረቱ ተሳበ። የኬብሉ ጫፍ ከመሰኪያው ተነቅሎ አቧራ ላይ ተጋድሟል። ሰካው። ከማሽኑ ሥር አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች፤ ደገመች፤ ከዚያ ድንጋይ ፈንቅላ እንደ ወጣች ቡቃያ ቀጥ ብላ ቆመች። የሊቁ ዓይን እንባ አቀረረ።]

ሊቁ፦ በራ! [ስልክ ደወለ] አቤት፣ እኔ ነኝ፤ አስተካክዬዋለሁ! ከባድ የአድራሻ ግጭት ነበር፤ ከሥሩ ነው የፈታሁት። እየደረሰዎት ነው? እልል በሉ! የዛሬው ነው?… የወሩ በሙሉ? [ድምፁ ወረደ] በየቀኑ ስድስት ሰዓት ወጥቶ ያልተመለሰው ማን ነው?… እ… አዎ፣ የእኔ ጣት ነው። የመስክ ሥራ… ማለቴ የሰው ኮምፒውተር ስጠግን… አሁኑኑ? እሺ፣ መጣሁ።

ቀስታ፦ ሾመችህ?

ሊቁ፦ ጋሼ… ሁሉንም ይዞ ኖሯል! አንድ ቀን አላስቀረም!

ቀስታ፦ ይይዛል እንጂ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ ሲፈልጉት እንጂ ሲፈሩት የጠፋ መዝገብ አይቼ አላውቅም። ኬብሉን የነቀልኩትስ ለዚያ አይደል?

ሊቁ፦ አንተ ነህ?!

ቀስታ፦ ከሰዓት ከሰዓት ስትጠፋ አየሁና አንጀቴ አልቻለም። ያኔ ሊወልድ የደረሰ አባወራ ከሥራ አይባረር ብዬ ነው።

ሊቁ፦ ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?

ቀስታ፦ ሁለቴ ጀመርኩ። እያስተማርከኝ ስለነበር ማቋረጡን ፈራሁ።

[ሊቁ አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ሄደ። ሌላ መውጫ የለምና ጣቱን ማሽኑ ላይ አሳረፈ። በሩ ተከፈተ፤ ማሽኑም በለሰለሰ የሴት ድምፅ «እናመሰግናለን» አለ።]

ቀስታ፦ እሰይ! ከማሽኑና ከአለቃህ አንዱ እንኳ አመሰገነህ።