የጋሽ ሰይድ ሰባት ሽጉጦች

ምክር መስጠት ደስ የማይለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ለማናውቀው ሰው ስለ ጨጓራው እንመክራለን፤ እኛ ሳናገባ ስለ ትዳር እንመክራለን። ደግነቱ ሰሚ የለም። አገር ምድሩ እስከ ዛሬ ደኅና የሰነበተው መካሪ ስለበዛ ሳይሆን ሰሚ ስላነሰ ይመስለኛል። እኔ በዕድሜዬ ምክሬን ከልቡ የሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውንም ጉድ ሠራኋቸው።

ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፖሊስ መሣሪያ ግምጃ ቤት ሽጉጥ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ መዋያቸው ምን አለሽ ተራ ሆነ። እኔ አሮጌ ቁልፍና ጓጉንቸር ከምሸጥበት መደብ አጠገብ፣ የብረት ክምር ላይ አጎንብሰው ሲፈልጉ ይውላሉ። የሚፈልጉት ፖሊስ በየዘመኑ ታጥቆት የነበረውን ሽጉጥ ነው፤ ያንን አንዴ ካቀባበሉት በኋላ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ራሱ የሚጎርሰውን ዓይነት። ከብረት ክምር ውስጥ ሽጉጥ ይገኛል ወይ እንዳትሉኝ፤ እኔ እዚያ የአውሮፕላን ጎማ አይቻለሁ። እርግጥ የሚገኘው ሬሳው ነው፤ አፈሙዙ በብየዳ የተደፈነ፣ መርፌው የወለቀ፣ ዝገት የበላው።

በስንት ዓመት ሰባት ሰበሰቡ። በናፍጣ አጥበው፣ በዘይት ወልውለው፣ ቀይ ከፋይ ባነጠፉበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ደረደሯቸው። በእያንዳንዷ ላይ ወረቀት አሰሩ፤ ይህቺ የጃንሆይ ዘመን ቤሬታ፣ ያቺ የደርግ ማካሮቭ እያሉ። በአንደኛዋ ወረቀት ላይ ግን የሰው ስም ነበር። ሌባ ሲያባርር ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ የሞተ ባልደረባቸው ነው። እጀታዋን እሳቸው ነበሩ የለወጡለት፤ ስለዚህ ገና ሲያዩዋት አወቋት። የዚያን ቀን ብረቱ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

አንድ ጊዜ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ።

«ጋሼ፣ ወስደው ያስመዝግቡ እንጂ» አልኳቸው።

«አይተኩሱም እኮ። ከበርበሬ ዘነዘና በምን ይለያሉ?»

«ቢሆንም። እርስዎ ሕግ ያስከበሩ ሰው ነዎት!»

ይህቺ ነገር ገባቻቸው። በማግስቱ የድሮ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ሣጥኑን ይዘን ጣቢያ ሄድን።

ተረኛው ፖሊስ ከልጅ ልጃቸው አይበልጥም። «ከየት አመጣኸው?» አላቸው። አንተ ብሎ! ጋሽ ሰይድ አልከፋቸውም። ጭራሽ ጠያቂ አገኘሁ ብለው ደስ አላቸውና የእያንዳንዷን ታሪክ ያስረዱት ጀመር። እሱ እየሰማ ወረቀቶቹን እየበጠሰ መሬት ይጥላል።

«ቅርስ ናቸው፣ ልጄ» አሉት።

«ቅርስ ሙዚየም ነው። ይሄ ጣቢያ ነው።»

ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። እኔስ? እኔ ቆሜ አይ ነበር።

ሣጥኑ በዚያው ቀረ። ሁለት ጊዜ ሄደን «ነገ ተመለሱ» ተባልን፤ በሦስተኛው «ተወግዷል» አሉን። አቅልጠውታል ማለት ነው። ጋሽ ሰይድ እስከ ቤታቸው በእግራቸው ሄዱ።

ከወራት በኋላ ፖሊስ ለሽልማት አዳራሽ ጠራቸው። ስማቸው በማይክሮፎን ተነበበ፤ ተጨበጨበ። በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሠላሳ ዓመት አገልግለው የመጀመሪያቸው ነው። መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ።

አየሁት። «በእጃቸው የነበረውን ሕገወጥ የጦር መሣሪያ በፈቃዳቸው ስላስረከቡ» ይላል። እኔ «በእጃቸው የነበረውን የጦር መሣሪያ» ብዬ አነበብኩላቸው። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ፊደል አይቆጥሩም፤ እልል ብለው ሳሎኑ ላይ፣ እንግዳ ሲገባ ፊት ለፊት በሚታይበት ቦታ ሰቀሉት። በሳምንቱ ልጠይቃቸው ብሄድ ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አድርገው ከሥሩ ተቀምጠዋል። መነጽሩን ሳይ ክው አልኩ።

«ላውርድልዎት እንዴ፣ ጋሼ?»

«ተው። ዘይነባ ደስ ብሏታል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግን አንዲት ቃል ዘለህብኛል» አሉ።