የማይታመሙት አያ አዳሙ

በአገራችን ታሞ «ታምሜያለሁ» የሚል ሰው የለም። ካላመናችሁኝ ጎንደር ከተማ ውስጥ አንዱ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ግማሽ ቀን ቁጭ በሉና ስሙ። በሁለት ሰው ተደግፎ የገባው «ደህና ነኝ» ይላል፤ በቃሬዛ የመጣው ደግሞ የተሸከሙትን ሰዎች ጤና ይጠይቃል። የዚህ ሁሉ ሕዝብ አለቃ፣ እኔ በገዛ ሥልጣኔ ሊቀ ደህናዎች ብዬ የሾምኋቸው፣ ክቡር አጎቴ አያ አዳሙ ናቸው።

አያ አዳሙ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በወገራ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ናቸው። አንጀታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ወዲህ በየሦስት ሳምንቱ ለኬሞ ወደ ጎንደር ይወርዳሉ፤ የሚያርፉት እኔ ቤት ነው። በተቀደዱ በማግስቱ ልንጠይቃቸው የሄድነውን ዘመዶች አልጋቸው ዙሪያ አሰልፈው የእያንዳንዳችንን በሬ፣ ላምና ጉልበት ደህንነት ሲጠይቁ ዋሉ። የእሳቸውን ሆድ የጠየቀ ቢኖር ጥያቄው እንደ ስድብ ተቆጠረበት።

የካንሰር ክፍሉ ነርስ ሲስተር ፀደይ በመጡ ቁጥር ያንኑ ትጠይቃቸዋለች፤ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው? መልሱ አንድ ነው፤ «ሸጋ ነኝ፣ ተመስገን።» ኧረ ቁጥር ይንገሩኝ ብላ ስትለምናቸው «አንድ ብለሽ ጻፊ» ይሏታል። ያችንም አንድ የሚሰጧት እንዳይከፋት ብለው ነው። ማቅለሽለሽስ? የለም። አፍዎ ቆስሏል? ምን ሲደረግ! ፀደይ ያችን አንድ ብቻ የሰፈረችበት ቅጽ ይዛ ትሄዳለች።

ቤት ስንደርስ ግን ግቢ ያለውን ቧንቧ እስከ ጥጉ ከፍተው፣ ድምፁ እንዳይሰማኝ፣ ያስመልሳሉ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር! ደርሼ ስይዛቸው እጄን እየታጠብሁ ነው አሉኝ። አፋቸው ውስጡ ተልጦ ሳለ፣ አላወቅሁማ፣ ቀይ ወጥ አቀረብሁላቸው፤ እንባቸው እየወረደ ጥርግ አድርገው በሉት። ጭሱ ነው አሉኝ። እኔ የማበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ለሐኪሞቹ እንዳልናገር ደግሞ በሞተው አባቴ አስምለውኛል።

ሲስተር ፀደይ እንዲያውም ሳይጠይቋት ማስመለስ የሚያስታግስ ክኒን ሰጥታቸው ነበር። የት እንደገባ በኩራት ነገሩኝ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ማኪና ያዞራት ሴት አይተው አንድ ሰጧት። ሌላዋ አየች። ዳገቱ ሳያልቅ ክኒኑ አለቀ። የተቸገረ እያየሁ በኪሴ ይዤ ልሂድ? ነው ያሉኝ። የወገራ ተሳፋሪ ሆዱ ረግቶ ሲገባ፣ ባለመድኃኒቱ ቤታቸው ገብተው ሦስት ቀን ሲያስመልሱ ሰነበቱ። ደግነት ነው እንዳትሉኝ፤ ድርቅና ነው።

በአራተኛው ዙር ስድስት ኪሎ ቀንሰው መጡ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ በዚህ ከቀጠሉ አቅማቸው ኬሞውን ስለማይችል ለማቋረጥ እንገደዳለን፣ ከተቋረጠ ደግሞ በሽታው ሊመለስ ይችላል አለኝ። ወጣሁ። አያ አዳሙ ከሳንጃ ከመጡት ታካሚ ከእትዬ ብርቄ ጋር ስለ ሰሊጥ ዋጋ ይጫወታሉ። ቀና ብለው አይተውኝ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ፣ አሞሻል እንዴ አሉኝ። እኔን! በዚያች ሰዓት ላንቃቸው ምንም አልቀረኝም።

ሲስተር ፀደይን ኮሪደሩ ላይ ያዝኋት። «እኔ ምያለሁ፣ አንዲት ቃል አልናገርም» አልኋት፤ «አንቺ ግን የእሳቸውን ሕመም ከእሳቸው አትጠይቂ።» ትንሽ አየችኝና ገባት።

ጉሉኮሱን ሰክታ ከጨረሰች በኋላ አያ አዳሙን የራሳቸውን ትታ የእትዬ ብርቄን ጠየቀቻቸው፤ እሷን ስንት ያህል የሚያማት ይመስልዎታል? አጎቴ ሳያቅማሙ ስምንት አሉ። ጀርባዋን ነው፣ እናንተ ፊት ትስቃለች እንጂ በጎኗ መተኛት ካቆመች ሰንብታለች ብለው ዘረዘሩ። ፀደይ ጽፋ ወደ እትዬ ብርቄ ዞረች። እትዬ ብርቄም ብድር መመለስ ይሁን ማዘን አላውቅም፣ እሳቸውማ ዘጠኝ ናቸው አሉ፤ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ሽንት ቤት የሚመላለሱትም ለማስመለስ ነው።

አያ አዳሙ አንገታቸውን ደፉ። ፀደይ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ለምን እንደደበቋት ጠየቀቻቸው።

«መድኃኒቱ ከበደው ብላችሁ እንዳታስቀሩብኝ ነዋ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ መኖር እፈልጋለሁ።»

እኚህ ሰው በሰባ ዓመታቸው ለራሳቸው አንድ ነገር ሲፈልጉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ፀደይ ነገሩን የያዙት በተቃራኒው መሆኑን ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ኬሞውን የሚያስቀረው መደበቃቸው ነው፤ ከነገሯት ማስመለሱም ሕመሙም ማስታገሻ አለው። በዚያው ቀን ከኬሞው በፊት የማስመለስ መከላከያ በመርፌ ሰጠቻቸው፣ ለአፋቸው ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እየበጠበጡ እንዲጉመጠመጡ ነገረቻቸው፣ ሐኪሙም የሞርፊን ሽሮፕ አዘዘላቸው። ክኒኑን ግን ለእኔ ነው ያስረከበችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለስለስ ያለ ገንፎ አቀረብሁላቸው። አንድ ማንኪያ ጎረሱ፣ ሁለተኛም ደገሙ፣ ከዚያ ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

«ጨው የለውም» አሉኝ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው። «ደግሞ ይኼ አልጋሽ መሐሉ ጎድጉዷል፣ ወገቤን ገደለኝ። ሰው እንዲህ ያለ አልጋ ላይ እንግዳ ያስተኛል?»

ሳህኑን አንስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጨዉን የጨመርሁት ለቅሶዬን ከጨረስሁ በኋላ ነው።