ኒውክለስ የሌለው አባል

ሰው መቼም ሳይመድብ አይውልም። እዚህ ኮልፌ ድንች ሻጯ ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ ትከምራለች፤ የታክሲው ረዳት የትኛው ልጅ ሰው ጉልበት ላይ እንደሚቀመጥ በአንድ እይታ ይለያል። እኔም የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቆምም የእጅ ጽሑፌ አያሳፍርም፤ አንድ ስም መዝገብ ላይ ከማስፈሬ በፊት ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ። እጄንም ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ። አትሳቁ፤ በሽታ አይታይም።

ከግቢዬ አንዷን ክፍል የተከራየችኝ ብርቱካን የባዮሎጂ መምህርት ናት። ዘመድ የላት፣ ባል የላት፣ ልጅ የላት። በዚያችው ክፍል ታበስላለች፣ ትተኛለች፣ የተማሪ ደብተር ታርማለች። በቀደም ታመመችና ሦስት ቀን ሙሉ በሯ ሳይከፈት ከረመ። ተሽሏት ስትወጣ ቧንቧው ጋ እጄን ስታጠብ አገኘችኝ።

"ጋሼ፣ እድር ያስገቡኝ። ብሞት ማን ይቀብረኛል?"

"ልጄ፣ ደንቡ ቤተሰብ ያለው ነው የሚለው። አንቺ ብቻሽን ነሽ።" ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ስለሆንኩ አንዲት ቃል አልሳትኩም።

"ምንድን ነው እጅዎን እንዲህ የሚያስፈትግዎት?"

"ባክቴሪያ።"

"እሱም እኮ ብቻውን ነው። እሱን ግን ከሰው ቆጥረው ይፈሩታል!"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እሷ ግን ማስተማር ጀመረች። ባክቴሪያ አንዲት ሕዋስ ብቻ ነው፤ ኒውክለስ እንኳ የለውም። በእኛ ሕዋስ ውስጥ የዘራችን መመሪያ የራሱ ጓዳ አለው፤ እሱ ዘንድ ግን ጓዳ የለም፣ ሁሉም ነገር በአንድ ክፍል ነው። ሳይንቲስቶች የሚመድቡበት ቢያጡ መጀመሪያ ከዕፅዋት ጋር መደቡት። በኋላ የራሱን ምድብ ሰጡት።

"ቦታ አጣንለት ብለው ግን ሕይወት የለውም አላሉም" አለችኝ።

"መዝገብ ሌላ፣ ሳይንስ ሌላ።"

ክፍት በነበረው በሬ ወደ ውስጥ አየች። አልጋዬ፣ ምድጃዬ፣ አንዲት ሳህኔ። ሚስቴ ካረፈች፣ ልጆቼም አግብተው አስኮ ከገቡ ወዲህ ሌላውን ክፍል ሁሉ አከራይቼዋለሁ።

"እርስዎስ ጋሼ፣ ጓዳ አለዎት?"

"እኔ መሥራች አባል ነኝ!" አልኩ። ሳሙናው እጄ ላይ ደረቀ።

እሁድ በስብሰባው ላይ ተነሣሁና "ብቻቸውን የሚኖሩ" የሚል አዲስ ገጽ ይከፈት አልኩ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ አፈጠጠብኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ደንቡ አይነካም እያልክ ስታደርቀን የኖርከው አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ። ያኔ ሚስቴ በሕይወት ነበረች።"

ጋሽ ወልዴ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው።

መጀመሪያ ብርቱካንን ጻፍኩ። ከዚያ ስሜን ከአባወራዎቹ ገጽ ሰርዤ ከሥሯ አሰፈርኩት። በሁለት ሳምንት ገጹ ሞላ። ለካ ሰፈሩ በባለ አንድ ክፍል የተሞላ ኖሯል!

ብርቱካን መዝገቡን አይታ ሳቀች። "ሳይንቲስቶቹም አንድ ምድብ ይበቃል ብለው ነበር። በኋላ አርኪያ የሚባሉት ተለዩ፤ ሲያዩዋቸው ባክቴሪያ ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። ለሁለት ከፈሏቸው።"

ገጹን ደግሜ አየሁት። እውነትም ሁለት ዓይነት ነን። ገና ቤተሰብ ያልመሠረቱ አሉ፤ መሥርተው ብቻቸውን የቀሩም አሉ። ከውጭ ሲያዩን ሁላችንም አንድ ክፍል፣ አንድ ሳህን። መሐሉ ላይ መስመር ላሰምር ማስመሪያዬን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሳይንቲስቶቹ ለሁለት ይክፈሉ። የእኛ እድር ድንኳን እንደሆነ ያለው አንድ ነው።

መዝገቡን ዘግቼ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ በቃኝ።