አለኸኝ የቀበረው ባትሪ

(ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ። ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ ጠቁሯል። ሁሉን አውቃለሁ ባዩ አለኸኝ ከማሳው ጫፍ፣ ከቦዩ ዳር ጉድጓድ ይቆፍራል። አጠገቡ ያበጠ የሶላር ባትሪ፣ ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ ቴሌቪዥንና የተበላሹ ስልኮች ተከምረዋል። ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው ጎረቤቱ ሰውመሆን እያለከለከ መጥቶ ቆመ።)

ሰውመሆን፦ እኔ እምልህ፣ ቀብር ከሆነ ቄስ አይጠራም?

አለኸኝ፦ ኧረ አንተ ሰው! ባትሪ ነፍስ አለው?

ሰውመሆን፦ እኔ ምን አውቄ። ስማኝማ፣ እማዋይሽ ልካኝ...

አለኸኝ፦ ሚስቴ ትቆይ! ወረታ ከተማ፣ የአሮጌ ባትሪው ስልጠና ላይ ምን አሉን? «ይህ መርዝ ነው፣ ከቤት አርቁት።» ይኸው አራቅሁት!

ሰውመሆን፦ ከዚያስ ምን አሉ?

አለኸኝ፦ ከዚያማ ተነስቼ ወጣሁ። ነገሩ የገባው ሰው ምን ይጠብቃል?

ሰውመሆን፦ እኔ ደግሞ መጀመሪያውን ተኝቼ አመለጠኝ። ስነቃ «አትቅበሩት፣ መርዙ ከውሃ ይገባል፤ ሰብስባችሁ ወረታ አምጡልን» ይላሉ።

አለኸኝ፦ በሕልምህ ነዋ!

ሰውመሆን፦ ይሆናል። ብቻ እማዋይሽ...

አለኸኝ፦ አታስቆፍረኝም እንዴ? አፈር የማይበላው ምን አለ? ንጉሡንም በልቷል! (ሁሉንም ከቶ ይደፍነዋል፤ በእግሩም ይጠቀጥቀዋል።)

ሰውመሆን፦ መርዙ ሩዝህን ቢያቃጥልብህስ?

አለኸኝ፦ ማሳዬ ከላይ፣ ውሃ ሽቅብ አይፈስ! የሚወርደው ከታች ወዳለው ወደ ካሴ ማሳ ነው። «ማሳህን በእኩል ልረስልህ፣ ምርቱን እንካፈል» ብዬ ሦስት ዓመት ደጁን ብጠና ፊቱን ያዞረብኝ ካሴ! ይጠጣት!

ሰውመሆን፦ የካሴ ከብቶችም እኮ ከዚያው ነው የሚጠጡት።

አለኸኝ፦ (ደንገጥ አለ፤ ግን አዋቂ ነውና አላሳየም።) የካሴ ነገር ለካሴ! በል አሁን፣ እማዋይሽ ምን አለች?

ሰውመሆን፦ ካሴ ከቤትህ ተቀምጧል።

አለኸኝ፦ ምን ሊሆን?

ሰውመሆን፦ ሊታረቅህ። ማሳውን ለዘንድሮ በእኩል ሰጥቶሃል። እማዋይሽ እልል ብላ «ሩጥ፣ ንገረው፤ ሩዙን ዛሬውኑ ይዝራ» አለችኝ።

(ሰማዩ አጉረመረመ። የመጀመሪያዋ ጠብታ የአለኸኝ አፍንጫ ላይ አረፈች። ዶማውን ብድግ!)

አለኸኝ፦ ወይኔ ሰውዬው! ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ?

ሰውመሆን፦ መቼ አስወራኸኝ? ደግሞ ምን ትቆፍራለህ? አፈሩ ይብላው እንጂ!

አለኸኝ፦ ጆንያውን ያዝልኝ! ወረታ እወስደዋለሁ። እስቲ ያን የስልጠናውን መጨረሻ እንደገና ንገረኝ።

ሰውመሆን፦ (ጆንያውን እየከፈተ) ዛሬስ እስኪያልቅ ትቀመጣለህ?