ጥናቱ እስኪያልቅ ጥቁር ስለ መሆን

የኮሌጅ ፓርክ የሐበሻ ሴቶች መረዳጃ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ፌብሩወሪ 8 ቀን 2025
ቦታ፦ የሰብሳቢዋ ቤት፣ ቤዝመንት
ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00 ይጀመራል ተብሎ 9፡20 ተጀመረ
የተገኙ፦ ወ/ሮ የምስራች (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ሶስና (ምክትል)፣ ወ/ሮ ትዕግስት (አባል)፣ ወ/ት ኑሃሚን (አባል)፣ ሕይወት (ጸሐፊ)
በታዛቢነት፦ አቶ ገሠሠ፣ የሰብሳቢዋ ባለቤት፣ ማይክራፎን ሊጠግኑ የወረዱ

አንድም አባል ስላልቀረ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የሰፈሩ የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የንባብ ክበብ «የጥቁር ሴቶች ድምፅ» ለተባለ ውይይት አንዲት ተናጋሪ እንድንልክ ስለ መጋበዙ።

ወ/ሮ ሶስና፣ ደብዳቤው «ጥቁር ሴቶች» እንጂ «ሐበሻ» ስለማይል ተሳስቶ ደርሶን እንዳይሆን ሥጋታቸውን ገልጸዋል። ወ/ት ኑሃሚን «ላይክ፣ ባለፈው ፖሊስ መኪናዬን ፑል ኦቨር አድርጎ ሲያስቆመኝ ሐበሻ ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም» ብለዋል። ሰብሳቢዋ ፖሊሱ የማኅበሩ አባል አለመሆኑን አስታውሰዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ጉዳዩን የሚያጠና ንኡስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ጥናቱ እስኪያልቅም አባላት በጊዜያዊነት ጥቁር ሆነው እንዲቆዩ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ተናጋሪ ስለ መምረጥ።

ሰብሳቢዋ ለወ/ሮ ሶስና፣ ወ/ሮ ሶስና ለሰብሳቢዋ፣ ሁለቱም ለወ/ት ኑሃሚን ዕድሉን ሲለቁ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል። ወ/ሮ ትዕግስት መናገር እንደሚፈልጉ ሦስት ጊዜ አስታውቀዋል። ጸሐፊዋ ሦስቱንም ጽፋለች፤ ቤቱ አንዱንም አልሰማም። ወ/ሮ ትዕግስት አክለውም፣ ተናጋሪዋ ማንም ትሁን ስለ ሴት በጥቅሉ ከምታወራ በራሷ ላይ የደረሰውን ብትናገር እንደሚሻል ሐሳብ አቅርበዋል። ደጋፊ አልተገኘም።

አቶ ገሠሠ ከማይክራፎኑ ቀና ብለው «ስለ ሴት በጥቅሉ ከማውራት በራስ ላይ የደረሰን መናገር ይሻላል» ብለዋል። ሐሳቡ በጭብጨባ ጸድቋል። ሐሳቡን ያመነጩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ድምፃቸውም ያለ ማይክራፎን ስለሚሰማ፣ ጥቁር ሴቶችን ወክለው አቶ ገሠሠ እንዲናገሩ ተወስኗል። እንደ ሴት ምን እንደ ደረሰባቸው እንዲያስቡበት ሁለት ሳምንት ተሰጥቷቸዋል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ።

ወ/ሮ ትዕግስት ማንም ሳይፈቅድላቸው ተነሥተው ከቦርሳቸው ያወጡትን ወረቀት አንብበዋል። ጭብጡ የሚከተለው ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ አልጋ በሚያነጥፉበት ሆቴል፣ ከባዱን ፍራሽ ሁለት ሁለት ሆነን እናንሣ ብለው በስብሰባ ላይ ይናገራሉ። ዝም ይባላሉ። በሳምንቱ ሱፐርቫይዘሩ ያንኑ ይልና ተመስግኖ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዴኒዝ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ባልደረባቸው ብድግ ብላ «ይሄ የትዕግስት ሐሳብ ነው» ትላለች። ወ/ሮ ትዕግስት እንዳይባረሩ ፈርተው «ኧረ የእኔ አይደለም» አሉ። ዴኒዝ ሰው ሁሉ እያየ ውሸታም ሆና ቀረች። የግብዣውን ደብዳቤ የፈረመችው ይህችው ዴኒዝ ናት።

«ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም» ብለዋል ወ/ሮ ትዕግስት። «ሰው ፊት ነው ያዋረድኳት። ሰው ፊት ሐሳቡ የእኔ ነበር፣ እውነትሽን ነበር ብዬ ልንገራት።»

አቶ ገሠሠ ማይክራፎኑ መሥራት መጀመሩን አስታውቀዋል።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ፣ በአራት ዓመት አገልግሎቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ አጀንዳ 2 የተጻፈበትን ገጽ ገልጣ ተናግራለች። እሷ ስትናገር የሚጽፍ ስላልነበረ ያለችው አልተመዘገበም፤ ስትጨርስ ግን ወ/ሮ ሶስና ያለቅሱ ነበር፣ ሰብሳቢዋም ባለቤታቸውን ፎቅ ውጣ ብለዋል።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ንኡስ ኮሚቴው ሳይቋቋም ፈርሷል። አባላት ጥቁር መሆናቸው ቀድሞውንም በውሳኔ የመጣ ስላልሆነ የሚሻር ነገር አልተገኘበትም። ወ/ሮ ትዕግስት ይናገራሉ፤ የቀረነው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠን እንሰማለን።

ስብሰባው 11፡05 ላይ ተበትኗል። አቶ ገሠሠ ደረጃው ላይ ቆመው፣ እሳቸውም ይህንኑ ሊሉ አፋቸው ላይ ደርሶ እንደነበር እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ገጹ ስላለቀ አልተመዘገበም።