የመምህር በድሉ የመጽሐፍ ጥማት

ኮሮና በዓለም ላይ ያደረሰው ጉዳት በየፈርጁ ተነግሮለታል፤ በአምቦ ከተማ፣ ስሙ ባይነሳ ደስ በሚለው አንድ ኮሌጅ፣ በመምህር በድሉ ላይ ያደረሰው ግን እስከ ዛሬ የሚገባውን ልቅሶ አላገኘም። እኛ ካላለቀስንላቸው ማን ያልቅስላቸው?

መምህር በድሉ በጌዶ አካባቢ የሚታየውን የድንች በሽታ መመርመር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ድንቹ ታሟል፣ ድኗል፣ ተሸጧል፣ ተበልቷል፤ ምርምሩ ገና መግቢያው ላይ ነው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" የሚለውን እንደ እሳቸው በተግባር ያዋለ ምሁር የለም። ቢሆንም ጽሑፉን እስከ ሰኔ ካላስረከቡ የረዳት ፕሮፌሰርነቱ ዕድገት ለሌላ እንደሚሄድ ተነግሯቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘቢደር ደግሞ በዕድሩ ሁሉ "ፕሮፌሰሩ" አስብለዋቸው ጨርሰዋል። ወዴት ይሸሹ?

በዚህ ጭንቅ መሀል፣ በ2012 መጋቢት፣ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት በወረርሽኙ ምክንያት ተቆለፈ። መምህር በድሉ "እሰይ" አላሉም፤ ጨዋ ናቸው። የዕድገት ኮሚቴው ፊት ቀርበው፣ "ተመራማሪን ከቤተ መጻሕፍት መለየት ሕፃንን ከጡት መንጠቅ ነው!" ሲሉ ደጁን ረግጠው የማያውቁት ሁሉ አብረዋቸው ተከዙ። ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ሳለ እንዲህ ተወዶ አያውቅም። ሰብሳቢው ኦቦ ኤጄታም በሩ እስኪከፈት ጊዜውን አራዘሙላቸው።

ደግ ሰው ፈተና አያጣውም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሲንቄ ነገሩን ሰማች፤ የበሩ ቁልፍም በእጇ ነበር። ስለ ድንች የተጻፈውን ሁሉ ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ላከችላቸው። "እዚህ ምንም ኔትወርክ የለም" ብለው መለሱላት፣ በዚያው በቴሌግራም።

በማግስቱ የድንቹን መጽሐፍ ራሱን በባጃጅ ጭና ከቤታቸው ደረሰች።

"አካም ጂርቱ መምህር! እርስዎ መምጣት ካልቻሉ መጽሐፉ ይምጣ ብዬ ነው።"

"በስመ አብ!" ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "ስንት ሰው የነካካውን ነው የምታመጪብኝ?"

"ኧረ ማንም አልነካው! ፎቶ እስካነሳው ድረስ ገጾቹ እንኳ እንደተጣበቁ ነበሩ። የመጀመሪያው አንባቢ እርስዎ ነዎት።"

"አቧራውስ?"

"ጠርጌዋለሁ።"

"በምን?"

"በሳኒታይዘር።"

"በቃ፣ ቀለሙ ለቋል!" ብለው በሩን ዘጉባት።

"ምነው አንተ፣ ልጅቷ ላንተ ብላ ደክማ!" አሉ ወይዘሮ ዘቢደር ከጓዳ።

"አንቺ ስለ ጤና ምን ታውቂያለሽ?" አሉ መምህር በድሉ፣ ነርስ ለሆኑት ሚስታቸው።

ክፉ ቀን አይቀርም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ። ኮሚቴውም ጽሑፉን ጠየቀ። መምህር በድሉ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም፤ ድንቹን ወደ ጎን ብለው "ወረርሽኙ በተመራማሪዎች የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ላይ ያስከተለው ለውጥ" የሚል ጥናት በሳምንት ውስጥ ወለዱ። መጠይቁን ያዘጋጁትም፣ የሞሉትም፣ የተነተኑትም ራሳቸው በመሆናቸው በተሳታፊዎች በኩል የትብብር ችግር አልገጠማቸውም። ሳሩን ያየ በሬ ገደሉን መቼ ያያል፤ ኮሚቴው፣ መምህራኑና ሠራተኛው በተሰበሰቡበት አዳራሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማጠቃለያውን አነበቡ፦ "ተመራማሪው መጽሐፍ እንደ ውሃ ጠምቶታል። በሩ ቢከፈትለት ቀንም ሌትም ከዚያ አይወጣም!"

ኦቦ ኤጄታ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አበሱ።

"መምህር፣ ልባችንን ነኩት። ይህን ያህል የተጠማን ሰው ዕድገት ሰጥተን ቢሮ ውስጥ ብናስቀምጠው ግፍ አይሆንብንም? ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛዎ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው፤ ከሲንቄ ፊት ለፊት። የድንቹ ምርምር እስኪያልቅ ማንም በሌላ ሥራ አይነካዎትም።"

"ዕድገቱስ?"

"ድንቹ ሲያልቅ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሲንቄ ከኋላ ሆና እልልታዋን አቀለጠችው። መምህር በድሉ ኪሳቸውን በርብረው አንድ የተጨማደደ ማስክ አወጡ፤ አፍና አፍንጫቸውን በደንብ ሸፈኑና ሁለቴ ሳል ሳል አሉ።

"ለመሆኑ ክቡር ሰብሳቢ፣ ኮሮናው ጠፋ ያለው ማን ነው?"